ደንብና እምነት በወረርሽኝ ዘመን፦ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ደጋ ሲታይ



በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በአገራችን መስጂዶች የጀመዓ ሶላት እንዲቋረጥ በተነገረ ጊዜ ብዙዎቻችን ፈጽሞ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። አዛኑ ይሰማል፤ በሩ ግን ዝግ ነው። በችግርም በደስታም ክፍት ሆኖ የቆየልንን በር በዓይን የማይታይ ተሕዋስ አዘጋው። በዚያን ሰሞን ከመካከላችን «ትእዛዙ ትክክል ነው፤ ነፍስን ማዳን ከዲኑ ነው» ያለ ነበረ። «ይህ በሽታ ሳይሆን ፖለቲካ ነው» ያለም ነበረ። ቀን ታዝዞ ውሎ ማታ በጎረቤት ግቢ ተሰብስቦ የሰገደም አልጠፋም።

ያ ዘመን አልፏል። የዓለም ጤና ድርጅት ኮቪድ 19 ዓለም አቀፍ አስቸኳይ የጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱን የገለጸው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን በሽታው አንድ ጥያቄ ትቶልን ሄዷል። ሕዝብ በወረርሽኝ ጊዜ የመንግሥትን ደንብ የሚያምነው ምን ሲሆን ነው? የማያምነውስ ምን ሲጎድል ነው? ይህን ሳንመልስ ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣብን ያንኑ ስሕተት ደግመን እንሠራለን፤ ዋጋውንም የሚከፍሉት አዛውንቶቻችንና ሕመምተኞቻችን ይሆናሉ።

መልሱን ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። በመንዝ ደጋ ከምናውቀው ከጓሳ ሜዳ እንጀምር፤ ከዚያም የኅዳር በሽታን፣ የፈንጣጣ ዘመቻንና የ2012 ዓ.ም.ን ታሪክ በየተራ እንመልከት።

ጓሳ፦ ሕዝቡ ያወጣው ደንብ

«የደጋ ሰው እልኸኛ ነው፤ ትእዛዝ አይወድም» ሲባል ብዙ ጊዜ ይሰማል። ይህን የሚል ሰው ወደ ጓሳ ይውጣ። ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙ ሳይርቅ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጣለለው ይህ ሜዳ ዛሬ በጭላዳ ዝንጀሮና በቀይ ቀበሮ የታወቀ ነው። ለአገሬው ሰው ግን ጓሳ ማለት ከሁሉ በፊት ሣር ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይሠራበታል፤ የዝናብ እጥረት ሲመጣም ከብት ይተርፍበታል።

ይህ ሜዳ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ቆይቶ ነበር። ተጠቃሚው ሕዝብ «አፈሮ» የሚባል አለቃ ከመካከሉ ይመርጥ ነበር። ሜዳው ለሦስት፣ ለአራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለአምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። በዚያ ጊዜ ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት ክልክል ነበር። ሣሩ ደርሶ ሜዳው የሚከፈትበት ቀን ሲወሰን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ላይ፣ በአጠቃላይ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነገር ነበር። ደንቡን የጣሰ ሰው ከባድ ቅጣት ይጠብቀው ነበር፤ ጠባቂውም ራሱ ሕዝቡ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ልብ በሉ። ጎጆው የሚያፈስበት ገበሬ የሚከድንበትን ሣር በዓይኑ እያየ ዓመታት ይታገሥ ነበር። ይህን ያደርግ የነበረው ዘበኛ ስለበዛበት አልነበረም። አንደኛ፣ ደንቡ ለምን እንደወጣ ያውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ ደንቡን የሚያስከብረውን አለቃ እርሱ ራሱ መርጦት ነበር። ሦስተኛ፣ ባለጸጋውም ድኻውም እኩል እንደሚታገሡ ያይ ነበር። አራተኛ፣ ጊዜው ሲደርስ ሜዳው እንደሚከፈትለት እርግጠኛ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታውጆ የቀድሞው ሥርዓት በገበሬ ማኅበር ሲተካ የጓሳ ጥበቃ ላልቶ ነበር። ሜዳው ያው ነበር፤ ሰውም ያው ነበር። የተለወጠው የደንቡ ባለቤት ነው።

እነዚህን አራት ነገሮች፣ ማለትም ምክንያቱን ማወቅን፣ በሚያስከብረው ሰው መተማመንን፣ የሸክም እኩልነትንና የማብቂያውን ቀን፣ በልባችን ይዘን ወደ ወረርሽኞቹ እንለፍ።

የኅዳር በሽታ፦ ደንብ የሌለበት ወረርሽኝ

በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ ዓለምን ያጥለቀለቀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አገራችን ላይ በረታ። በዓለም ዙሪያ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በእኛ ዘንድ በኅዳር ወር ስለከፋ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ብሎ ጠራው። በአዲስ አበባ ብቻ ከ5 ሺ እስከ 10 ሺ ሰው እንደሞተ የሚገመት ሲሆን፣ ይህም በዚያን ጊዜ ለነበረችው ትንሽ ከተማ እጅግ ከባድ እልቂት ነው። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው በጭንቅ ተርፈዋል። በከተማይቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ በሽታው እነርሱንም አልማረም።

በዚያን ዘመን የጤና ሚኒስቴር የለም፤ ሬዲዮም የለም። የኢንፍሉዌንዛ ተሕዋስ ምንነት ገና አልታወቀም፤ በሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ከዚያ 15 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። ስለዚህ ለሕዝቡ «እንዲህ አድርግ፣ እንዲህ አታድርግ» የሚለው የተደራጀ አካል አልነበረም። እያንዳንዱ ቤት በራሱ ዕውቀትና በራሱ ጸሎት ቀረ። ታማሚና አስታማሚ አብረው ወደቁ፤ ቀባሪ ታጣ።

ከዚያ እልቂት የተረፈልን ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ የማቃጠል ልማድ ነው። «ኅዳር ሲታጠን» እያልን የምንጠራው ይኸው ነው። ዛሬ የጤና ትምህርት እንደሚነግረን ጭሱ የኢንፍሉዌንዛን ተሕዋስ አያጠፋም፤ ለሳንባም ጥሩ አይደለም። ይሁን እንጂ ልማዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሲጸና ፖሊስ አላስፈለገውም። ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ያደርገዋል፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል፤ ለምን እንደሚደረግም ልጅ ከአባቱ ይሰማል። ከዚህ የምንማረው ሕዝብ ከበሽታ የሚጠብቀው ደንብ እንደማይጠላ ነው። የራሱ አድርጎ የተቀበለውን ደንብ፣ የጤና ጥቅሙ ያነሰ እንኳ ቢሆን፣ ለልጅ ልጁ ያወርሰዋል።

ፈንጣጣ፦ ጎጆ ድረስ የሄደ ደንብ

የኅዳር በሽታ ደንብ አውጪ ያልነበረው ወረርሽኝ ነው። ፈንጣጣ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ የመንግሥት ዘመቻ ከሕዝብ ልማድ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘበት ነው።

አባቶቻችን ፈንጣጣን የሚከላከሉበት የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። በሽታው ከቀለለለት ሰው ቁስል ፈሳሽ ይወሰድና በጤነኛው ሰው ቆዳ ላይ ተበጥቶ ይገባል። ይህ የባላገር ክትባት ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን የሚያስይዘው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሆነ አንዳንዱን ይገድላል፤ ከተከተበው ሰውም ወደ ሌላው ይተላለፋል። ስለዚህ አንድን ቤት ሲያድን መንደሩን ሊያስይዝ ይችላል።

መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ሆኖ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የጀመረው በጥር ወር 1963 ዓ.ም. ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 ብቻ ከ26 ሺ በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። በሰሜኑ ደጋማ አገር ሕዝቡ የሐኪሙን ክትባት አልቀበልም ያለባቸው ስፍራዎች ነበሩ። ይህን እንቢታ በድንቁርና ብቻ መተርጎም ስሕተት ይመስለኛል። ገበሬው በአባቱ እጅ የተፈተነ ዘዴ አለው። በአንጻሩ አንድ የማያውቀው ሰው ከከተማ መጥቶ የማያውቀውን መድኃኒት በጤነኛ ልጁ ክንድ ላይ ልውጋ ይለዋል። ከመንግሥት ስም ጋር ወደ ቤቱ ሲመጣ የኖረውም ባብዛኛው ግብር ሰብሳቢ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ቢጠራጠር ምን ይደንቃል?

ዘመቻው የተሳካው በተከተለው መንገድ ነው። ሠራተኞቹ ሁሉንም ሰው ለመክተብ ከመጣደፍ ይልቅ ሕመምተኛውን መፈለግ ያዙ። የፈንጣጣ በሽተኛ ሥዕል ያለበትን ካርድ ይዘው በገበያና በትምህርት ቤት «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ጠየቁ። መኪና በማይገባበት ገደል በእግርና በበቅሎ ተጓዙ። ሕመምተኛውን ሲያገኙ በዙሪያው ያሉትን ይከትባሉ። ፈንጣጣ በቤቱ አጠገብ የገባበት ሰው ደግሞ የክትባቱን ጥቅም ለመረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልገውም። በየስፍራው ያሉ ሽማግሌዎችና ባላባቶች ሲያግዙ ሥራው ይቀላል፤ ሲቃወሙ ይቆማል። በመካከሉ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ፤ መንግሥት ተለወጠ። ሆኖም ሥራው አልተቋረጠም። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ ወር 1968 ዓ.ም. ነው። በ1972 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ጉባኤ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን አወጀ።

ከመንገድ የራቀው የደጋ ገበሬ ከዓለም የመጨረሻዎቹ የፈንጣጣ አገሮች አንዷ በነበረችው አገራችን ይህን ያህል ሥራ አብሮ ሠርቷል። በሽታው ያለበትን ቤት ያመለከተው እርሱ ነው፤ ክንዱንም የሰጠው እርሱ ነው። ይህን ያደረገው ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲመጣና ጥያቄውን ሲመልስለት ነው።

2012 ዓ.ም.፦ ደንቡ ሲወጣ

አሁን ብዙዎቻችን በዓይናችን ወዳየነው እንምጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገለጠ። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ታላላቅ ስብሰባዎችም ታገዱ። ወሩ ከማለቁ በፊት በአማራ ክልል ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲቆም ተወሰነባቸው። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሚያዝያ 2 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአምስት ወራት አጸደቀው። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። እጅ ለእጅ መጨባበጥ ተከለከለ። በሕዝብ መካከል የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግ ግዴታ ሆነ። አዋጁን የጣሰ ሰው እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 200 ሺ ብር መቀጮ ሊጠብቀው ይችል ነበር።

መጀመሪያ ላይ ሕዝቡ ታዘዘ ማለት ይቻላል። በየሱቁና በየቢሮው ደጃፍ የውኃ በርሜልና ሳሙና ተቀመጠ። ሰው በክርን መሳለም ጀመረ። ቤት አከራዮች ኪራይ የተዉላቸው ተከራዮች ነበሩ፤ ማዕድ ማጋራትም ተስፋፋ። የጤና ሚኒስትሯ ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የተመረመረውን፣ የተያዘውን፣ የሞተውን ቁጥር ይነግሩን ነበር። ስልክ ስንደውል ከመጥሪያው ድምፅ ይልቅ ስለ ኮሮና የሚመክር ድምፅ ይቀበለን ነበር። ኢትዮጵያ እስከ ጥር 2012 ዓ.ም. ናሙናን ወደ ውጭ አገር ትልክ እንደነበር ስናስብ፣ በጥቂት ወራት በአገር ውስጥ የተደራጀው ምርመራ የሚመሰገን ነው።

የእምነት ተቋማትም ድርሻቸውን አድርገዋል። የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ያዘጋጀው የአንድ ወር ጸሎት በቴሌቪዥን ተላለፈ። የክርስቲያን ወገኖቻችን የሚያዝያ 11 ቀን ፋሲካ እንደወትሮው ሕዝብ ሳይሞላበት ዋለ። እኛም ሚያዝያ 16 ቀን የገባውን ረመዳን ያለ መስጂድ ተራዊሕ ጾምን፤ ግንቦት 16 ቀን የዋለውን የዒደል ፊጥር ሶላት በቤታችን ሰገድን። መካ እንኳ በዚያ ዓመት ከውጭ አገር ሐጃጅ አልተቀበለችም።

ይህን ከባድ ነገር ብዙው ሙስሊም ለምን ተቀበለው? በጊዜው በሐጅ ዑመር ኢድሪስ ይመራ የነበረው የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት ስለተናገረ ብቻ አይመስለኝም። ዑለማው ምክንያቱን ሕዝቡ ከሚያውቀው ታሪክ ስላስረዱ ነው። ያም ታሪክ በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ በሻም አገር የደረሰው የዐምዋስ ወረርሽኝ ነው። ሰይድና ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከምትባል ስፍራ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። በራሳቸው ብቻ አልወሰኑም። ሙሃጂሮችን ጠሩ፤ አልተስማሙም። አንሳሮችን ጠሩ፤ አልተስማሙም። በመጨረሻ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን ጠሩ፤ እነርሱ እንዲመለሱ መከሩ። ዑመር እንመለስ ባሉ ጊዜ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነው ወይ ብለው በሕዝብ ፊት ተቃወሙ። ኸሊፋው አልተቆጧቸውም፤ አላሰሯቸውም። ከአንዱ የአላህ ቀደር ወደ ሌላው እንደሚሄዱ በምሳሌ አስረዱ። ኋላም ዐብዱራሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጡ። ወረርሽኝ ባለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም አገር ሸሽቶ እንዳይወጣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን መሰከሩና ነገሩ ተቋጨ።

እዚህ ላይ ምክክር አለ፤ ተቃውሞን መስማት አለ፤ ምክንያትን መግለጽ አለ። መሪው ራሱ ወደኋላ በመመለስ ደንቡን አስቀድሞ ጠብቋል። የጓሳ ሽማግሌዎች ይህን ታሪክ ሰምተው ላይሆን ይችላል፤ ሥርዓታቸው ግን ከዚህ አይርቅም።

እምነቱ ለምን ሳሳ?

ወራት ሲያልፉ ግን መታዘዙ እየላላ ሄደ። ለምን ቢባል በአራቱ የጓሳ መለኪያዎች እንመርምረው።

በመጀመሪያ ምክንያቱን ማወቅ። ምርመራው ባብዛኛው በከተሞች ላይ ያተኮረ ስለነበር በገጠር ያለው ሰው በሽታውን በሬዲዮ እንጂ በመንደሩ አላየውም። የአገራችን ሕዝብ አብዛኛው ወጣት ስለሆነ ብዙው በቀላል ጉንፋን አምሳል አሳለፈው። በጠቅላላው በአገሪቱ ከ7 ሺ 500 በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ መሞታቸው ተመዝግቧል፤ ምርመራ ሳይደርሰው የተቀበረ ግን በቁጥሩ ውስጥ አይገባም። «ወጣቱ ቢተርፍም አዛውንቱን ይዞ ይገባል» የሚለው ቁልፍ ምክንያት በየጎጡ በሚገባ አልተብራራም። የፈንጣጣው ሠራተኛ ካርዱን ይዞ በገበያ ይጠይቅ ነበር። የ2012ቱ መልእክት ግን በስልክና በቴሌቪዥን መጣ፤ ጥያቄ ያለው ሰው መልሶ የሚጠይቀው አልነበረም።

ሁለተኛው፣ ደንቡን በሚያስከብረው ሰው መተማመን ነው። ያ ዓመት የምርጫ ዓመት ነበር። ለነሐሴ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተይዞ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ተላለፈ። መንግሥት ለጤና ነው አለ፤ ተቃዋሚዎች ለሥልጣን ነው አሉ። በዚህ ክርክር መካከል በሽታው ራሱ የአንድ ወገን ንብረት መሰለ። በሰኔ ወር መጨረሻ ሁከት ተነሥቶ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ደግሞ ሰው ስለ በሽታውም ወሬ የሚያገኝበት መንገድ ጠበበ። ወሬ ሲጠፋ ሐሜት ይነግሣል።

ከዚህም ጋር የአዋጁ ስም ራሱ መታሰብ አለበት። «አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ» የሚለውን ቃል ሕዝቡ በመስከረም 2009 እና በየካቲት 2010 ዓ.ም. በፖለቲካ ሁከት ምክንያት ሰምቶታል። ከ2012ቱ በኋላም በጥቅምት 2013፣ በጥቅምት 2014 እና በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በጦርነትና በግጭት ምክንያት ደግሞ ሰምቶታል። በዚያ ስም የሚመጣው ወታደርና እስር ነው። በዚያው ስም «እጃችሁን ታጠቡ» ሲባል ሰው የሚያስበው ነርሷን ሳይሆን ጠመንጃውን ነው። ጭምብል ባለማድረጉ በፖሊስ የተያዘ ሰው ለጤናው ሲባል እንደተያዘ ማመን ይቸግረዋል።

ሦስተኛው፣ የሸክም እኩልነት ነው። የሕዝብ ማመላለሻ በግማሽ እንዲጭን ሲታዘዝ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ከአዲስ አበባ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ድኻ ዕዳውን ከኪሱ ከፈለ። ኋላ መኪናው ሞልቶ ክፍያው ግን እንደ እጥፉ ሲቀር ብዙዎች አማረሩ፤ አማራሪውም ትክክል ነበር። ለቅሶ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ሲባል፣ በ2013 ዓ.ም. ለሰኔው ምርጫ ቅስቀሳ ግን ብዙ ሕዝብ ሲሰበሰብ አየን። እናቱን በጥቂት ሰው የቀበረ ሰው ያንን ሲያይ ምን ይበል?

አራተኛው፣ የማብቂያው ቀን ነው። የጓሳ ሜዳ የሚከፈትበት ቀን በገበያ ይነገር ነበር። የኮቪድ ደንብ ግን በብዙ ስፍራ ማብቃቱ በግልጽ ሳይነገር በራሱ ጊዜ ተረሳ። እንዲህ የተረሳ ደንብ ለሚቀጥለው ደንብ መጥፎ ስም ትቶ ይሄዳል።

የክትባቱም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. 2.2 ሚሊዮን የአስትራዜኔካ ክትባት ወደ አገር ገባ። መከተብ የተጀመረው የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገለጠ ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን ነው። በዚያው ሳምንት ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስለ ደም መርጋት ስጋት ያንኑ ክትባት ለጊዜው አቆሙ፤ ጥቅሙ እንደሚበልጥ ከተነገረ በኋላም ቀጠሉ። ወሬው ወደ እኛ የደረሰው ግን ማቆሙ ብቻ ሆኖ ነው። አደጋው ምን ያህል ጥቂት እንደሆነ፣ ጥቅሙም ምን ያህል እንደሚበልጥ ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ በሌለበት መንደር ሐሰተኛ ወሬ ክፍት በር አገኘ። ኋላም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ለብዙው ሰው ኮሮና ከአደጋዎች ሁሉ የመጨረሻው ሆነ።

የእኛ ድርሻ

ውድ አንባቢያን፣ ጥፋቱን ሁሉ በመንግሥት ላይ ጥሎ መቀመጥ ፍትሕ አይደለም። እኛም ምክንያቱን እያወቅን «አላህ ያውቃል» በማለት ተዘናግተን የተሰበሰብንበት ለቅሶና ሠርግ ነበር። ሳናጣራ ያስተላለፍነው ወሬ ነበር። ሲያስል ወደ ሽማግሌ ቤት የገባ ነበር። መስጂድ ተዘጋ ብለን አዝነን፣ ሻይ ቤት ግን ተጠጋግተን ስንቀመጥ ምንም አልመሰለንም። ደንብ አውጪው ስለተሳሳተ በሽታው አይምረንም። በመንግሥት ላይ ያለን ቅሬታ የጎረቤታችንን ነፍስ አደራ አያስቀርልንም።

እንግዲህ ለሚመጣው ምን እናድርግ? እምነት በሽታው ከገባ በኋላ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም። ገበሬው ለክረምት እህሉን በበጋ እንደሚያስገባ ሁሉ እምነትም በደኅናው ጊዜ ይከማቻል። የወረዳ ጤና ባለሙያ ወረርሽኝ ሳይኖር ወደ መስጂድም ወደ ቤተ ክርስቲያንም ይምጣ፤ ስለ ልጆች ክትባት፣ ስለ ኮሌራ፣ ስለ ንጹሕ ውኃ ያስተምር፤ ጥያቄም ይቀበል። ያን ጊዜ ክፉ ቀን ሲመጣ የምናውቀው ሰው ይሆናል። የመስጂድ ኮሚቴዎች፣ የሰበካ ጉባኤዎችና የእድር ዳኞች አብረው የሚቀመጡበት መድረክ አስቀድሞ ይኑር። በመንዝ ደጋ ሙስሊሙ ጥቂት ነው፤ ወደ ምሥራቅ ወደ ይፋት ቆላ ሲወረድ ይበዛል። ገበያው ግን አንድ ነው፤ ለቅሶውም የጋራ ነው። በሽታም በዚሁ መንገድ ይሄዳል።

ከመንግሥትም የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። የጤና ደንብ ሲያወጣ ምክንያቱን በየጎጡ ያስረዳን። ሽማግሌዎቻችንን ከመወሰኑ በፊት ያማክር። ባለሥልጣኑ ከገበሬው አስቀድሞ ይጠብቀው። የሚያበቃበትን ቀን ይንገረን፤ ሲያበቃም በገበያ ያስነግር። ያልታወቀውንም ነገር «ገና አላወቅንም» ቢለን አንንቀውም። ይልቁንም የሚያውቀውን ሲነግረን እናምነዋለን።

ጎጆው እያፈሰሰ ለዓመታት ሣሩን የታገሠ የደጋ ሰው ነፍስ የሚያድን ደንብ መታገሥ አያቅተውም። አላህ ከወረርሽኝ ይጠብቀን፤ በዚያ ዘመን ያጣናቸውንም ይማርልን፤ አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።